አንቱ የተባባልንበት ዓመት

እቴቴ መጋረጃ ሰፍታ ስትጨርስ የታችኛውን ጠርዝ ወዲያው አታጥፈውም። መስኮቱ ላይ ትሰቅለውና ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። ባለቤቶቹ «ምን ቀረው?» ሲሏት «ብርሃን ይቅመሰው» ትላለች። ከዚያ ቤቱ ጸጥ ይላል። ጨርቁ ይነፋል፣ ይረግባል፣ እንደተኛ ሰው ደረት ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ መርፌና ክር ይዤ ጥግ ላይ እቆማለሁ፤ ብዙ ጊዜ እንደቆምኩ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። ስትነሳ «እዚህ ጋ ከብዶታል» ትላለች። የከበደው ጨርቁ ይሁን ብርሃኑ ጠይቄያት አላውቅም።

የእናቴ ታናሽ እህት ናት። እናቴ ስትሞት ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ትምህርቱን ትቼ የእቴቴን የስፌት መኪና መርገጥ ጀመርኩ፣ ይኸው እስካሁን እየረገጥኩ ነው። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት። እዚህ «እሷ» የምላት አንቱታ ለሚጽፍ እጅ ስለሚከብድ ነው። አግብታ አታውቅም። ሲጠይቋት «ባል እንደ ስስ መጋረጃ ነው፤ ተሰቅሏል ይባላል እንጂ ከምንም አይጋርድም» ትላለች። ምላሷ መቀስ ነው፤ ሰው ስቆ እስኪጨርስ መቆረጡን አያውቅም።

ከተማችን ሐይቅ ዳር ናት። ጠዋት ጉሙ ከውሃው ይነሳና በየመንገዱ ይገባል፣ በየአጥሩ ሥር ይተኛል፣ ፀሐይ ሲበረታ ወደ መጣበት ይመለሳል። እቴቴ ልጅ ሳለች እዚህ የነበረው የፍራፍሬ ማሳ ነው አሉ። እኔ የደረስኩት ቤት ሲሠራ ነው። ሀብታሞቹ ውሃውን አይተው መጡ፤ እነሱን አይተው ደግሞ ሌሎች መጡ። ከቤታቸው ግድግዳ መስታወቱ ይበልጣል። ሲመሽ መብራት ሲበራ ሰዎቹ በየክፍላቸው ድምፅ ሳያሰሙ ሲመላለሱ ይታያሉ፤ ከሥራ ስመለስ እነሱን እያየሁ ስሄድ ሕልም ውስጥ የምራመድ ይመስለኝ ነበር። መስኮት ሲበዛ ሥራችንም በዛ። ያኔ ሰው የሚያዘው ስስ ስሱን ነበር። «እንድንታይም እንዳንታይም አድርገው ይስፉልን» ይሏት ነበር።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከበራችን ትይዩ፣ አዋላጇ ትኖር ነበር። አሮጌ ቤት፣ ከኋላው ጓሮ ያለው። ከተማው ውስጥ የሚራመደውን ግማሹን ሰው በእጇ የተቀበለችው እሷ ናት፤ ሽበት ያወጡ ወንዶች መንገድ ላይ ሲያገኟት ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። እቴቴንም እሷንም ሁሉም ሰው አንቱ ይላቸዋል። እርስ በርሳቸው ግን አንቺ ናቸው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ። አዋላጇ በራችንን በእግሯ ገፋ አድርጋ «አንቺ ጨርቃም፣ አለሽ?» እያለች ትገባለች። እቴቴም ከመኪናው ቀና ሳትል «ሞቼ ነበር፤ ያንቺን ድምፅ ስሰማ ሞትም ደንግጦ ጥሎኝ ሄደ» ትላታለች።

አንድ ቀን፣ የታላቅ ወንድሟ መርዶ በመጣ ሰሞን ነው፣ እቴቴ ክር እየጠቀለለች «አሁን እንግዲህ በዚህች ምድር ላይ አንቺ የምትለኝ ያቺ የማዶዋ ብቻ ቀረች» አለችኝ። ለእኔ ቀላል ነገር ነበር የመሰለኝ። ለካስ አንድ ሰው ሲያረጅ «አንቺ» የሚለው ድምፅ እንደ ወላጅ ቤት ነው፤ የመጨረሻው ሲዘጋ የሚገባበት የለም።

ከዚያ የከተማው ምክር ቤት ምርጫ መጣ።

አንዱ ወገን ምልክቱ ቁልፍ ነበር። ከተማችን እንዳለች ትኑር፣ ረጅም ሕንፃ አይሠራ፣ በየሰፈሩ መግቢያ በርና ጥበቃ ይኑር ይላል። ሌላው ምልክቱ መሰላል ነበር። ሕንፃ ይሠራ፣ ሰው ይምጣ፣ ከተማው ወደ ላይ ይደግ ይላል። መጀመሪያ ላይ ሰው እየሳቀ ነበር «አንተ መሰላል»፣ «አንቺ ቁልፍ» የሚባባለው። በኋላ ሳቁ እየሳሳ ሄደ። መንገዳችን ላይ ያለው የጥርስ ሐኪም መሰላል መሆኑ ሲታወቅ፣ ጉንጩ እንደ ዳቦ ያበጠ አንድ ጎረቤታችን «መሰላል ፊት አፌን አልከፍትም» ብሎ ጥርሱን ሊያስነቅል ሌላ ከተማ ሄደ። እዚያ የነቀለለት ሰውዬ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀም።

የእኛ ከተማ ሰው ጨዋ ነኝ ስለሚል አይሳደብም። ሲጣላ አንቱ ይላል። አንቱታ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ትልቅ ሰው ላይ እንደ ብርድ ልብስ ይደረባል። ሌላው ፊት ላይ የሚዘጋ በር ነው። በዚያ ዓመት የበዛው ሁለተኛው ነበር። አብረው ኳስ የተጫወቱ ሰዎች «እንደምን አደሩ» ተባባሉ። ወንድማማቾች አንቱ ተባባሉ። አንዲት ሚስት ባሏን አንቱ ስትለው ጊዜ፣ ሰውዬው ደስ ብሎት ሲያወራ ሰምተው «ሞኝ፣ መሰላል በመሆንህ እኮ ነው» አሉት።

መጋረጃውም ተለወጠ። ያ ሁሉ ስስ ወረደና ወፍራም ተተካ። «ገበር ይኑረው፣ ድርብ ይሁን፣ ከማዶ ያለው ሰው እንዳያየኝ።» ማዶ ያለውም ይኸንኑ ያዝዛል። እቴቴ አሁንም ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ ግን ቶሎ ትነሳለች። «ምንም የሚቀመስ የለም» ትላለች። ሲመሽ ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ ጨለማ ሆነ። እኛው ነን የጋረድነው፤ እኛው ደግሞ እየተደናቀፍን እንሄዳለን።

ሁለቱም ወገኖች ባነር እንድትሰፋላቸው ለምነዋት ነበር። «እኔ የምሰፋው የመስኮት ልብስ ነው፣ አጥር አላለብስም» ብላ መለሰቻቸው። አዋላጇ ወደ ቁልፍ እንደምታዘነብል ሁሉም ያውቃል፤ ለእቴቴ ግን ጉዳይዋ አልነበረም። እንዲያውም በዚያው ሰሞን ለአዋላጇ መጋረጃ እየሰፋች ነበር፣ ገበር የሌለው፣ የውሃ ቀለም ያለው። በከተማው የቀረ የመጨረሻው ስስ መጋረጃ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ስጦታ ነው።

ያለቀ ዕለት ጉሙ ገና አልተነሳም ነበር። እቴቴ መጋረጃውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች፣ እኔ ዘንጉን ይዤ ተከተልኩ፣ መንገዱን ተሻገርን። የአዋላጇ መስኮት ተከፍቷል። ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች፣ ሻሿን ጥምጥም አድርጋ። አንኳኩተን ሳንጨርስ ድምፅዋ መጣ፣ ቁጣ ያለበት፦

«በቃኝ አልኩ እኮ! ከእንግዲህ እዚህ ቤት አይምጡ። ጨርቁንም ይውሰዱት፣ አልፈልግም። ጉርብትናም ቢሆን ልክ አለው!»

የእቴቴ እጅ በሩ ላይ እንደተነሳ ቀረ። አየችኝ። እኔም ሰምቻለሁ። አይምጡ። ይውሰዱት። አንቺ ጨርቃም ስትላት የኖረች ሴት፣ ይኸው አንቱ አለቻት። ሳንገባ ተመለስን። ጉሙ ውስጥ ስንገባ መጋረጃው ትከሻዋ ላይ እርጥብ እርጥብ ብሎ ነበር፣ ወይም ለእኔ እንደዚያ መስሎኝ ነው።

ቤት እንደገባን መጋረጃውን አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ የመሰላል ሰዎች ሲመጡ «አምጡት፣ እሰፋለሁ» አለቻቸው። እኔም መኪናውን ረገጥኩ። መሰላል ላይ መሰላል፣ መሰላል ላይ መሰላል፤ ዓይኔን ስጨፍን ሁሉ መሰላል እወጣ ነበር፣ የማያልቅ።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ በራችን ተገፋ። አዋላጇ ናት። አፏን ከፈት ስታደርግ መኪናው ላይ የተዘረጋውን የመሰላል ጨርቅ አየችና መልሳ ገጠመችው። እቴቴ ከወንበሯ ተነሳች። ለደንበኛ እንጂ ለእሷ ተነስታ አታውቅም።

«ይግቡ። ምን ልታዘዝ?» አለቻት።

አዋላጇ ከኋላዋ ሌላ ሰው የቆመ መስሏት ዞር ብላ አየች። ማንም የለም። ወደ እኔም አየች። ከዚያ ሻሿን ጠበቅ አደረገችና «ምንም። ተሳስቼ ነው የገባሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ ወጣች። በሩን በእጇ ነው የዘጋችው።

ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሲገናኙ «እንደምን ዋሉ»፣ «እግዜር ይመስገን፣ እርስዎስ» ሆነ። እቴቴ ማታ መብላት ተወች። «ሆዴ ነው» ትላለች። እኔ ሆዷ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን መድኃኒት የሚገዛለት ሆድ አይደለም።

አንድ ደንበኛ ሱቅ ውስጥ ሆና «ጎረቤትዎ ለይቶላቸው ቁልፍ ሆኑ አሉ፣ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እቴቴ ጨርቅ እየቆረጠች፣ ቀና እንኳን ሳትል «ምን ይደንቃል? እትብት መቁረጥ የለመደ እጅ ጉርብትናም ይቆርጣል» አለች። ሱቁ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ያ ቃል የመሰላሎች የቅስቀሳ መኪና ላይ ወጣ። በድምፅ ማጉያ፣ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ፦ «እትብት መቁረጥ የለመዱ እጆች የከተማችንን እድገትም ሊቆርጡ ተነስተዋል!» የአዋላጇ መስኮት ክፍት ነበር። መኪናው ልክ ከሥሩ ሲደርስ ቀስ አለ። ከዚያ መስኮቱ ተዘጋ።

እቴቴ መርፌዋን አቆመች። «ይሄ የኔ ቃል አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«የእርስዎ ነው።»

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለች። ቆየት ብላ፣ «ርገጪ እንጂ፣ ምን ታይኛለሽ» አለችኝ።

ምርጫው አለፈ። ቁልፍ አሸነፈ። ረጅም ሕንፃ አይሠራም ያሉት ሰዎች ዓመት ሳይዞር ረጅም ሕንፃ አሠሩ፣ መግቢያው ላይ ደግሞ ትልቅ በር አቆሙ። መሰላሉም ቁልፉም አንድ ቤት ገቡ ማለት ነው። የጥርስ ሐኪሙ ደንበኞች ተመለሱ። ሰው እንደገና ሰላም መባባል ጀመረ። አንቱታው ግን እንደ አዲስ ቀለም ሽታ አልወጣ አለ። ማን ቀድሞ ይተወው? ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል።

እንዲህ ሆነን ሳለ የአዋላጇ ቤት ተሸጠ ተባለ። ልጇ ከሐይቁ ማዶ ነው የሚኖረው፤ ሊወስዳት ነው። እቴቴ ወሬውን ስትሰማ «ደግ» ብቻ አለች። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ያንኑ አንድ ጠርዝ ስትተረትርና ስትሰፋ ዋለች።

እቴቴ መስኮት ልትለካ በወጣችበት አንድ ከሰዓት የአዋላጇ ልጅ ሱቃችን መጣ። ጎልማሳ፣ ትሑት ሰው ነው። «እትዬ የሉም?» አለኝ።

«የሉም።»

ሄደ ስል ቆመ። ጣቱን የጨርቅ ጥቅልል ላይ እያመላለሰ «እስቲ አንቺ ንገሪኝ እህቴ፣ እናቴ ምን በድላቸው ነው? ልጅ ሆኜ እዚህ ጠረጴዛ ሥር ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ የነበረው» አለኝ።

እኔም ሰልችቶኝ ስለነበር እውነቱን ነገርኩት። «አይምጡ አሏቸው። ጨርቁንም ይውሰዱት አሏቸው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«መቼ?»

ነገርኩት። ሰውዬው ሲያስብ ቆየና እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«በእግዚአብሔር! እኔን እኮ ነው በስልክ ስታናግር የነበረው። መሰላሎቹ ጎረቤቶቿ ሳያስፈቅዷት በጓሮ በኩል አጥሯ ላይ ባነር ሰቅለውባት ነበር። ‹አይምጡ፣ ጨርቁንም ይውሰዱት› አለች፣ ከዚያ ‹ደውለህ ንገርልኝ› አለችኝ። እነሱን ነው!»

«ስልክ አልያዙም ነበር» አልኩ።

«ሥራ ስትይዝ ሻሿ ውስጥ ነው የምትሸጉጠው፣ ጆሮዋ ላይ።»

እነሱ አይምጡ። እርስዎ አይምጡ። አንድ ቃል ነው። ስንሰማው ለየትኛው እንደሆነ የሚነግረን ልባችን ነው፣ ልባችን ደግሞ በዚያ ዓመት አንቱ መባልን ነበር የሚጠብቀው። «ንገርልኝ» እስክትል ብንቆም ኖሮ! አንዲት ቃል ያህል እንኳን አልቆምንም።

እቴቴ ስትመለስ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ነገርኳት። የምትስቅ ወይ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ተቀመጠች።

«እና ለእኔ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«እሱ ስህተት ነው» አለች። «እትብቱን ግን ተሳስቼ አልተናገርኩትም።»

ውጭ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ሄደ። ከዚያ «ተነሽ፣ ብቻዬን አልሄድም» አለችኝ።

የአዋላጇ በር ክፍት ነበር። ቤቱ ባዶ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ግድግዳው ላይ ሥዕሎች የነበሩበት ቦታ ነጣ ነጣ ብሎ ቀርቷል። መስኮቱ ላይ ምንም ስላልነበረ የሐይቁ ብርሃን እንዳለ ገብቶ ጣሪያው ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ቤቱ ውሃ ሥር ያለ ይመስላል። አዋላጇ በገመድ የታሰረ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። እቴቴ ደፉ ላይ ቆመች። አንቺ ለማለት ፊት የላትም። አንቱ ማለትም አስጠላት። ከንፈሯ ሲላወስ አየሁ፤ ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ይገባል?»

አዋላጇ ቀና አለች። «በሩ ክፍት ነው» አለች፤ ቆይታም «ይገባል» አለች።

«ሊኬድ ነው አሉ።»

«ሊኬድ ነው።»

እንዲህ ጀመሩ። የሚገባው ማን እንደሆነ፣ የሚሄደው ማን እንደሆነ ቃሉ አይናገርም። አንቺም የለበት፣ አንቱም የለበት፤ ሁለቱም በጠባብ ድልድይ ላይ እንደሚሄድ ሰው እየተጠነቀቁ ተራመዱበት።

«ያን ቀን ‹ጨርቁን ይውሰዱት› ሲባል ለእኔ መስሎኝ ነበር። መጋረጃ ተይዞ በሩ ላይ ተቆሞ።»

«ልጄ ነገረኝ» አለች አዋላጇ። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቀች ነው። «ለመሰላሎቹ እኮ ነው! በሞትኩት! መሰላሎቹን ሳባርር ጎረቤቴን!»

«ሻሽ ውስጥ ስልክ መኖሩን ማን ያውቃል? ጆሮ ነው ወይስ ኪስ?»

ሁለቱም ሳቁ። የአዋላጇ ሳቅ ግን መሀል መንገድ ላይ ቆመ። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየቻቸው።

«እትብቱስ?» አለች። «እሱም ለሌላ ሰው ነው የተባለው?»

እቴቴ መሬት መሬት አየች። «አይደለም። እሱ ለዚህ ቤት ነው የተባለው። እኔ ነኝ ያልኩት። ሆድ ብሶኝ ነው፤ ቢሆንም እኔ ነኝ።»

«በድምፅ ማጉያ! እነዚያ የጮሁት ልጆች እኮ በእነዚህ እጆች የተወለዱ ናቸው።» ድምፅዋ አልጨመረም፣ እንዲያውም ቀነሰ። «ማታ ማታ እጆቼን እያየሁ ‹እውነት ይሆን እንዴ› እያልኩ ከረምኩ።»

ያች የእቴቴ መቀስ ምላስ አልተንቀሳቀሰችም። እኔ የበሩ መቃን ላይ ተደግፌ ጣሪያው ላይ የሚዋኘውን ብርሃን አይ ነበር። በመጨረሻ አዋላጇ ፍራሹ ላይ ትንሽ ጠጋ አለች።

«ይቀመጣል እንግዲህ» አለች። «ቆሞ አያልቅም።»

እቴቴ ተቀመጠች። ጎን ለጎን፣ ጨለም እስኪል። የተናገሩት ሌላ ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም፣ እኔ መቃኑ ላይ ሸለብ አድርጎኛል።

አዋላጇ ሄደች። አሁን ሐይቁን የምታሻግር ትንሽ ጀልባ አለች፤ እቴቴ ሥራ ሲቀልላት በእሷ ትሄዳለች። እዚያም ያው ናቸው። «ተመጣ?» «ተመጣ።» «ሻይ ይጠጣል?» «ቢገኝ ይጠጣል።» የልጅየው ሚስት «ሁለት አሮጊቶች እንደ ምሳሌ ነው የሚነጋገሩት» እያለች ትስቃለች። እቴቴን በመንገድ ላይ «አንቺ አልተባባላችሁም?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «በግድ አይባልም» አለችኝ። «ጠርዝ ነው፣ ቶሎ ካጠፉት ያጥራል።»

ባለፈው እኔም አብሬያት ሄድኩ። ስንመለስ ጉሙ ወርዶ ነበር፣ ውሃውና ሰማዩ አይለይም። ጀልባው ውስጥ ገብቼ እጄን ዘረጋሁላት፤ አንድ እግሯን ጀልባው ላይ አኖረች። ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የሩጫ እግር ድምፅ ተሰማ፣ ትንፋሽ ያጠረው ጥሪም፦

«ሻርፕሽን! ሻርፕሽን ረስተሽ!»

እቴቴ ባለችበት ደረቀች። ባለ ጀልባው እንዳልሰማች መስሎት «እትዬ፣ እርስዎን እየጠሩ ነው መሰለኝ» አላት።

«ዝም በል አንተ፣ ሰምቻለሁ» አለችው በሹክሹክታ። ዞር አላለችም፤ እጄን ጨብጣ ይዛኛለች። «ደግማ ትጥራኝ።»